በ1፡10 አምሳያ ክሮለር መኪና የአዴትን አካባቢ መንገድ መፈተን፦ ድንጋይ ላይ የሚታመን፣ ጭቃ ላይ የሚያሳስት መለኪያ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የሚመራ አነስተኛ ክሮለር መኪና እንዴት እንደሚነደፍና በምዕራብ ጎጃም የገጠር መንገዶች ላይ እንዴት መፈተን እንዳለበት ይመረምራል። ክሮለር የሚባለው በፍጥነት የማይመካ፣ በድንጋይና በዳገት ላይ ዝግ ብሎ የሚሳብ ባለአራት ጎማ ተሽከርካሪ ነው። የጽሑፉ ማዕከላዊ ጥያቄ አንድ ነው፤ አንድ አሥረኛ ሆኖ የተሠራ አምሳያ በአንድ መንገድ ላይ ካለፈ፣ በዚያው ንድፍ የሚሠራ ትልቅ ተሽከርካሪም ያልፋል ማለት ይቻላልን? በስሌት እንደሚታየው መልሱ በመሬቱ ዓይነት ይወሰናል። በደረቅ ድንጋይ ላይ የአምሳያው ምስክርነት በአብዛኛው የታመነ ነው። በእርጥብ ዋልካ ላይ ግን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ያሳስታል። በመጨረሻም ይህን ልዩነት ያገናዘበ የመስክ ፍተሻ ሥርዓት ቀርቧል።

መግቢያ

አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አስፋልት ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከእነዚህ ዋና መንገዶች ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈንጠር ሲባል የመንገዱ ጠባይ ፈጽሞ ይለወጣል። በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ውስጥ ቀይ አፈር ያለበት ዳገት፣ የባዛልት ድንጋይ የፈሰሰበት የከብት መውረጃ፣ በጎርፍ የተቆረጠ ቦረቦርና ውኃ የተኛበት ዋልካ ሜዳ ይፈራረቃሉ። በጥር ወር የዋልካው መሬት ይሰነጠቃል፤ በሐምሌ ያው መሬት እግር ይይዛል።

እንዲህ ያለው መንገድ ለምርምር ሥራም ችግር ነው። የአፈር ናሙና የሚሰበስብ፣ የመስክ መሣሪያ የሚያጓጉዝ ወይም መድኃኒት የሚያደርስ ሰው በክረምት መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግሩ ይገባል። አነስተኛ፣ ሰው የማይሳፈርበት፣ ከርቀት የሚመራ ተሽከርካሪ ሸክሙን ቢያግዝ የሚለው ሐሳብ በምህንድስና ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳው ከዚህ የተነሣ ነው። ሙሉ መጠን ያለው ናሙና ለመሥራት ገንዘቡም ጊዜውም ስለማይበቃ፣ አብዛኛው ሐሳብ መጀመሪያ በአምሳያ ይፈተናል። አምሳያውም ብዙ ጊዜ ድንጋዩን ይወጣል፤ ጭቃውን ያልፋል፤ ተመልካቹንም ያስደስታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአምሳያው ድል ሳይመረመር ወደ ትልቁ ንድፍ ከተሸጋገረ፣ ለሸክም የታሰበው ተሽከርካሪ በመጀመሪያው ሐምሌ ዋልካ ላይ ተቀብሮ ይቀራል። ኪሳራውን የሚሸከመውም አምሳያውን የሠራው ተማሪ ሳይሆን ተሽከርካሪውን ተማምኖ የሚጠብቀው ሰው ነው።

የኋላ ታሪክ

ተሽከርካሪን ከርቀት መምራት አዲስ ነገር አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ የምትመራ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። በ1970 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ኅብረት ሉኖኮድ 1 የተባለውን ባለስምንት ጎማ ተሽከርካሪ ጨረቃ ላይ አሳርፎ ከምድር እየመራ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አስኪዶታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ የወረደችው ሶጆርነር ስድስት ጎማ የነበራት ስትሆን፣ ዓለት ሲገጥማት ጎማዎቿ አንዱ ከሌላው ተለይተው ከፍና ዝቅ እንዲሉ ሆና ተሠርታ ነበር። የመዝናኛ ክሮለሮች ከዚህ የከበረ ዘር አይወለዱም። መነሻቸው የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በየአክስሉ ላይ ሞተር የተገጠመለት ክሎድ በስተር የተባለ ትልቅ ጎማ ያለው መጫወቻ ነው። ባለቤቶቹ አክስሎቹን እየፈቱ በራሳቸው ቴላዮ ላይ መግጠም ሲጀምሩ የድንጋይ ላይ ክሮለር ሙያ ተፈጠረ። ዛሬ ተዘጋጅተው የሚሸጡ አሉ፤ ለምሳሌ ትራክሳስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲአርኤክስ 4 ዲፈረንሺያሉ ከርቀት የሚቆለፍ፣ አክስሉም ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው።

በኢትዮጵያም መኪናን በመጥፎ መንገድ መፈተን ከመኪና ታሪክ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ያመጡት እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ወደ አዲስ አበባ የደረሱት ለጎማ የተሠራ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጠው ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ደግሞ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው፤ ቴላዮ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ። አምሳያ የሚሠራ ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበውን ክፍል ከጋራዥ ሲጠይቅ የሚግባባው በእነዚህ ቃላት ነው። የገጠር ልጆች ከሽቦና ከጭቃ የሚሠሩት፣ ጎማውን ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ የሚያወጡለት መኪናም መዘንጋት የለበትም፤ ነገሩ ከስሜት የተነሣ ብቻ የተጠቀሰ አለመሆኑ ወደፊት ይታያል።

የንድፉ መነሻ እሴቶች

ለስሌቱ እንዲያመች አንድ ንድፍ ይወሰድ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 313 ሚሊ ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማ መሐል ያለው ስፋት 200 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው ዲያሜትር 120 ሚሊ ሜትር፣ ከነባትሪው ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ነው። ቴላዮው ከአሉሚኒየም ላሜራ ተቆርጦ በቡሎን ይያያዛል። አክስሎቹ እያንዳንዳቸው በአራት ዘንግ ከቴላዮው ጋር ተንጠልጥለው በሞላና በአሞርዛተር ይደገፋሉ። ሞተሩ ለአንድ ቮልት በደቂቃ 1,000 ዙር የሚዞር ባለካርቦን ሞተር፣ ባትሪው ባለሦስት ሴል፣ 11.1 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ያለው ሊቲየም ፖሊመር ነው።

የክሮለር ነፍሱ ማርሹ ነው። ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው ጠቅላላ ቅነሳ 40 ለ1 እንዲሆን ቢፈለግ፣ በመጀመሪያው ጥርስ 4፣ በካምቢዮው 2.5፣ በአክስሉ 4 ጊዜ መቀነስ ይበቃል። ሞተሩ በደቂቃ 11,000 ዙር ሲዞር ጎማው 275 ዙር ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 6.2 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ፈጠን ብሎ የሚሄድ እግረኛ ፍጥነት ነው። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ነጂው ከኋላው እየተራመደ ጎማው የሚረግጠውን ድንጋይ ማየት አለበት።

በ35 ዲግሪ ዳገት ላይ 3 ኪሎ ግራሙን ወደ ላይ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል 16.9 ኒውተን ነው። ለጎማው መንከባለል ተቃውሞ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ቢታሰብ ሌላ 2.4 ኒውተን ይጨመራል። ድምሩ 19.3 ኒውተን ሲሆን በጎማው ሬዲየስ ሲባዛ 1.16 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሆናል። ከጥርሶቹና ከኩሽኔታዎቹ ፍትጊያ ተርፎ ጎማ የሚደርሰው 60 በመቶው ብቻ ነው ቢባል፣ ከሞተሩ የሚፈለገው 48 ሚሊ ኒውተን ሜትር ነው። ይህም ከባትሪው ወደ 5 አምፔር ያህል ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለ ሞተር ከባድ ሸክም አይደለም። ቁጥሩ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ያርማል፤ አምሳያው ዳገት አልወጣ ሲል ብዙዎች ሞተሩን ወደ ትልቅ ይለውጣሉ። የጎማውና የመሬቱ ፍትጊያ 0.9 ቢሆን እንኳ በዚያ ዳገት ላይ መሬቱ ሊመልስ የሚችለው ኃይል 21.7 ኒውተን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመር የሞተር ጉልበት ጎማውን ባለበት ከማሽከርከር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ባትሪውም እንደሚፈራው በዳገት አያልቅም። 3 ኪሎ ግራምን 100 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት 2,943 ጁል፣ ማለትም ከአንድ ዋት ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ግማሽ ያህሉ በማርሽ፣ ከቀረውም ብዙው በሞተሩ ሙቀት ቢባክን ወጪው 3 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ባትሪው ግን አንድ አምስተኛው ሲቀር ቢቆም እንኳ 44 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ባትሪውን የሚጨርሰው ተጣብቆ መቆም፣ ደጋግሞ መሞከርና ጎማን ባለበት ማሽከርከር ነው። ከፍታው በነዳጅ ሞተር ላይ የሚያመጣው ድክመት እዚህ የለም። በአዴት ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ስለሆነ የነዳጅ ሞተር ጉልበት ይጎድለዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚጎድለው ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው የሞተሩን ገላ በእጅ መዳሰስ ይገባል፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ መቆም አለበት።

ስለ ሚዛን

ጠረጴዛ ላይ የቆመ አምሳያ የማይናገረው ትልቁ ምሥጢር የክብደት ማዕከሉ ከፍታ ነው። ማዕከሉ ከመሬት 90 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ አምሳያው ወደ ጎን የሚገለበጠው በ48 ዲግሪ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የስፋቱ ግማሽ፣ 100 ሚሊ ሜትር፣ ለ90 ይካፈልና ማዕዘኑ ይፈለጋል። 400 ግራም የሚመዝነው ባትሪ ከቴላዮው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ማዕከሉ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሁለት ዲግሪ ያህልም ይተርፋል። በየቸርኬው ውስጥ 80 ግራም ናስ ቢጨመር ግን፣ ብዙ የሚወራለት ቢሆንም፣ የሚገኘው አንድ ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ አምሳያው 320 ግራም ይከብዳል። የናሱ ጥቅም ሌላ ነው፤ ፊት ለፊት ብቻ ሲገባ የፊት ጎማዎች ደረጃ ሲወጡ ከመሬት እንዳይለቁ ይረዳል።

ከፍ ያለ አክስልም እንዲሁ ዋጋ አለው። የዲፈረንሺያሉ ቤት ከመሬት 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ታስቆመዋለች። አክስሉን ከጎማው መሐል 15 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ የጥርስ ቤት ሲገባ ክፍተቱ 55 ይሆናል። ነገር ግን ከጎማዎቹ በቀር ሁሉም ነገር አብሮ ስለሚነሣ፣ ጎማዎቹ ከ3 ኪሎው 600 ግራሙን ይይዛሉ ቢባል፣ የክብደት ማዕከሉ በ12 ሚሊ ሜትር ወጥቶ 102 ይደርሳል። የመገልበጫው ማዕዘን ከ48 ወደ 44 ዲግሪ ይወርዳል። በቡሬ በኩል እንዳለው በቀጥታ ወጥቶ በቀጥታ ለሚወርድ የድንጋይ መንገድ ልውውጡ ያዋጣ ይሆናል። በእርከን ጠርዝ ላይ አግድም ለሚሄድ ተሽከርካሪ ግን አያዋጣም፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ በተሠሩ የጎጃም እርከኖች መካከል ያለው መንገድ ደግሞ አብዛኛው አግድም ነው።

ዲፈረንሺያሉ መቆለፉ ለክሮለር ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ያልተቆለፈ ዲፈረንሺያል ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ቶርክ ስለሚሰጥ፣ አንደኛው ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሌላኛውም ምንም አያገኝም። ሲቆለፍ ግን የአንድ አክስል ጭነት በሙሉ በአንዱ ዘንግ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የክብደቱ ግማሽ በአንድ ጎማ ላይ ወድቆ ፍትጊያው 0.9 ቢሆን ዘንጉ 0.79 ኒውተን ሜትር ይሸከማል፤ በድንጋይ መካከል ሲነክስና ሲዘል ደግሞ ከዚህ እጥፍ በላይ። የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ይኸው ዘንግ ነው። የመታጠፊያው ክብም ይሰፋል።

ለጎማው ውስጥ ደጋፊ ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ የክሮለር ጎማ በአየር አይነፋምና። የሚሸጠው ስፖንጅ ውኃ የሚመጠጥ ዓይነት ከሆነ በጅረት ካለፈ በኋላ ጎማው ይከብዳል፤ ሲዞርም ይንቀጠቀጣል። ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ድጋፍ ውኃ አያስገባም፤ በየገበያውም ይገኛል። ጠንከር የሚል በመሆኑ ግን ከመሐል ቀለበት አድርጎ፣ ከውጭ በኩል ለስላሳ ሽፋን መተው ይሻላል። የመንደር ልጆች ይህን ዕቃ ለጎማ ሲመርጡ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም።

ትንሹ ለትልቁ ይመሰክራልን?

ጋሊሌዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አንድ ነገር በመጠን ሲያንስ ክብደቱ በርዝመቱ ኩብ፣ ስፋቱ ግን በርዝመቱ ካሬ ይቀንሳል። 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የመስክ መኪና በአንድ አሥረኛ ቢሠራ 2.2 ኪሎ ይሆናል፤ የጎማው ርግጫ ስፋት ግን በመቶ ብቻ ይከፈላል። ስለዚህ አምሳያው መሬቱን የሚጫነው ቢያንስ በአሥር እጅ ቀለል ብሎ ነው። ከዚህ በላይ በተያዘው ንድፍ የእያንዳንዱ ጎማ ጭነት 7.4 ኒውተን ነው፤ ርግጫው 25 በ40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግፊቱ 7.4 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የትልቁ መኪና ጎማ 200 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጫናል ቢባል ልዩነቱ 27 እጥፍ ነው።

ይህ ለድንጋይ ምንም አይደለም። በደረቅ ባዛልት ላይ የጎማ ፍትጊያ በአብዛኛው በጭነቱ መጠን ይሄዳል፤ ክብደቱ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኃይልም የሚገኘውም ኃይል አብረው ይቀንሳሉ። አምሳያው የወጣው የድንጋይ ደረጃ በጎማ ዲያሜትር ሲለካ ትልቁም የሚወጣው ነው። ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት፣ የመገልበጫው ማዕዘን፣ የአክስሎቹ መጠማዘዝ ሁሉ የጂኦሜትሪ ነገር ስለሆነ በአምሳያው ላይ የታየው ይታመናል። ፍጥነትን በሚመለከት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በመርከብ አምሳያዎች የተጠቀመበት ሕግ ይሠራል፤ የአምሳያው ፍጥነት በአሥር ካሬ ሥር ይባዛል። 6.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለትልቁ 20 ያህል ማለት ነው። መገልበጡም በዚያው መጠን ይፈጥናል፤ የነጂው ጣት ግን አይፈጥንም። ስለዚህ በአምሳያ ላይ የሚቆጠረው የመገልበጥ ብዛት ከትልቁ የባሰ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

እርጥብ አፈር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ1956 እ.ኤ.አ. ስለ መሬት ላይ ጉዞ መጽሐፍ ያሳተመው፣ በኋላም በጨረቃ መኪና ጎማ ጥናት የተሳተፈው ፖላንዳዊ ተወላጅ መሐንዲስ ሚዬቺስዋቭ ቤከር ያስፋፋው የትምህርት ዘርፍ እንደሚያስተምረው፣ አንድ ጎማ ከአፈር የሚያገኘው የመግፋት ኃይል ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ብርታት ሲሆን በርግጫው ስፋት ይባዛል። ሁለተኛው የውስጥ ፍትጊያው ሲሆን በጭነቱ ይባዛል። ለምሳሌ ያህል የአፈሩ የመያያዝ ብርታት 10 ኪሎ ፓስካል፣ የውስጥ ፍትጊያው ማዕዘን 20 ዲግሪ ይሁን። ትልቁ መኪና ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የሚያገኘው ግፊት 0.05 ሲደመር 0.36፣ በድምሩ 0.41 ነው። አምሳያው ግን 1.35 ሲደመር 0.36፣ ማለትም 1.71 ያገኛል። በአራት እጥፍ በልጦ ይታያል ማለት ነው። አምሳያው የሚፎክርበት ዋልካ ላይ ትልቁ ሊንቀሳቀስ አይችል ይሆናል፤ ወደ አፈሩ የመስጠሙ ነገር ሲጨመርበት ልዩነቱ የባሰ ይሰፋል።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ፣ በአራት አካፍሎ መገመት ይቻል ነበር። ይሁንና ዋልካ ሌላም ጠባይ አለው፤ ይጣበቃል። የሚጣበቀው ጭቃ ውፍረት ከጎማው ጋር አብሮ አያንስም። በአምሳያው ጎማ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ጭቃ ዙሪያውን ቢጠመጠም፣ ጎማው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ወደ 184 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጭቃ ይሸከማል። የእርጥብ ጭቃ እፍጋት 1.7 ቢታሰብ ይህ 310 ግራም ያህል ነው፤ በአራቱ ጎማ ከ1.2 ኪሎ ግራም በላይ። የአምሳያው ክብደት 40 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ የጎማው ጥርስም ጠፍቶ ለስላሳ ኳስ ይሆናል። ለትልቁ መኪና ያው ውፍረት ከቁም ነገር አይገባም። ከብት የረገጠው ዱካም እንዲሁ ነው። በመስከረም የደረቀ የከብት ኮቴ ጉድጓድ ስፋቱ ከአምሳያው ጎማ ጋር ስለሚቀራረብ አምሳያውን እንደ ወጥመድ ይይዘዋል፤ የመስክ መኪናው ግን ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻ ይሰማዋል። በጥር የሚታየው የዋልካ ስንጥቅም 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ ሊውጥ ይችላል።

እንግዲህ አምሳያው በዋልካ ላይ በአንድ በኩል ከሚገባው በላይ ይበረታል፤ በሌላው በኩል ከሚገባው በላይ ይደክማል። ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ይጣጣማሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ አንዱ በእርጥበቱ ልክ፣ ሌላው በጊዜው ይለዋወጣልና። ጭቃ ላይ የተገኘ ውጤት ለትልቁ ንድፍ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ የለበትም። የሚያገለግለው ሁለት የአምሳያ ጎማዎችን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ አንድ አማራጭ አለ፤ የታሰበው ተሽከርካሪ ራሱ ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም የአፈር ናሙና ብቻ የሚሸከም 20 ወይም 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ከሆነ፣ በአምሳያና በእውነተኛው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል፤ የአምሳያው ምስክርነትም በዚያው መጠን ይጠነክራል። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ትርጉም ያለው አቅጣጫ ይህ ነው።

የመስክ ፍተሻ

ፍተሻው በሁለት ወቅት መካሄድ አለበት፤ አንዱ በጥር ወይም በየካቲት፣ ሌላው በሐምሌ። በእያንዳንዱ መሬት ላይ 20 ሜትር የሚሆን መስመር በካስማ ይከለላል። ተዳፋቱ በገመድና በውኃ ልክ ይለካል፤ የስልክ መለኪያ ለማመሳከሪያ ይበቃል። የጎማውን ፍትጊያ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአምሳያው ጎማዎች ተቆልፈው በተንጠልጣይ የሞላ ሚዛን ይጎተታል፤ ሲንሸራተት ያለው ንባብ ለክብደቱ ይካፈላል። በጭቃ ላይ በሚደረግ ፍተሻ ሁሉ የአፈሩ እርጥበት አብሮ መመዝገብ አለበት። ናሙናው እርጥቡን ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ደርቆ እንደገና ይመዘናል። ይህ ካልተደረገ የሰኞው ጭቃና የረቡዑ ጭቃ አንድ ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በእያንዳንዱ ጉዞ የሚቆጠሩት ነገሮች ጥቂት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ስንት ጊዜ ተገለበጠ፣ ስንት ጊዜ በእጅ ተነሣ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ባትሪው ሲሞላ ስንት ሚሊ አምፔር ሰዓት መለሰ። የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ጎማው ባለበት ምን ያህል እንደተሽከረከረ በሐቀኝነት የሚናገረው እርሱ ነው። በእጅ የተነሣበት ጉዞ አልተሳካም ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ትንሽ ገፋ መደረጉም ሳይቀር። ልጆች በሚሰበሰቡበት መንደር ዳር ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ አምሳያው ድንጋይ ላይ ሲንጠለጠል አሥር እጅ ይዘረጋለታል። ሁለት ጎማዎች ሲወዳደሩ ደግሞ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ ይለዋወጥ። ነጂው በአሥረኛው ጉዞ መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ሁልጊዜ በኋላ የሚፈተነው ጎማ ያለ ሥራው ይመሰገናል።

መስመሩ የሚያልፈው በሰው ማሳ ዳር ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ቀድሞ ይጠየቃል። 3 ኪሎ ግራም ጤፍ አይጎዳም ተብሎ ይታሰብ ይሆናል፤ አምሳያውን ተከትለው የሚራመዱት ሰዎች ግን ይጎዳሉ።

የሬዲዮውም ነገር በመንገዱ ይወሰናል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራው መሪ የሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በ100 ሜትር ርቀት መሐል ላይ ሞገዱ በነፃነት ለማለፍ በዙሪያው 1.8 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የአምሳያው አንቴና ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ርቀት በሜዳ አይገኝም። እርጥብ የበቆሎ ቅጠልና የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ይህን የበለጠ ያሳጥሩታል፤ ነጂው ቦረቦር ውስጥ የገባውን አምሳያ ከአፋፍ ሆኖ ማየት ካልቻለ ሬዲዮውም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ግንኙነት ሲቋረጥ ሞተሩ ዜሮ እንዲሆንና ፍሬኑ እንዲይዝ መቀባበያው አስቀድሞ ይስተካከላል። ይህ የሚፈተነው በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በዳገት ነው። አምሳያው 30 ዲግሪ ላይ እንዳለ መሪው ይጠፋል፤ ባለበት ከቆመ መስክ ይወጣል፣ ወደ ኋላ ከተንከባለለ ግን ፍሬኑ ተስተካክሎ ዳገቱ እንደገና ይደገማል። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪም ከጭቃ እንደወጣ አይሞላም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ያበጠ መሆን አለመሆኑ ከታየ በኋላ፣ ሰው ባለበት፣ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ተቀምጦ ይሞላል።